ምስጋና እስከ ሽኝት ቀን ለምን ይቆያል?

በአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶች የሽኝት ሥርዓት ወጉ የታወቀ ነው። አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛዎች ይገጠማሉ፤ ለስላሳና ውኃ ይደረደራል፤ ትልቅ ድፎ ዳቦ ወይም ኬክ መሀል ላይ ይቀመጣል። ጡረታ የምትወጣው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ ከኃላፊው ጎን ትቀመጣለች። ኃላፊው መነጽሩን አስተካክሎ ከወረቀት ያነባል፦ ታታሪ፣ ታማኝ፣ ሰዓት አክባሪ፣ ለወጣቶች አርአያ። ጋቢ ይደረብላታል፤ ሰዓት ወይም ቀለበት ይበረከትላታል፤ ፎቶ ይነሳል። እሷም ታለቅሳለች። የሚያስለቅሳት መለየቱ ብቻ አይመስልም። በዚያ ቤት ሠላሳ ዓመት ስትሠራ ታታሪ መሆኗን የነገራት አልነበረም። የሰማችው ዛሬ፣ ስድሳ ዓመት ሞልቷት የሥራ መታወቂያዋን ባስረከበች ቀን ነው።

«ሰው ካልሞተ ወይ ካልሄደ አይመሰገንም» ይባላል። ቀብር ላይ የሟች የሕይወት ታሪክ ሲነበብ «ለካስ እንዲህ ያለ ሰው ኖሯል!» እያለ የሚገረም ጎረቤት አይጠፋም። መሥሪያ ቤቶች ይህንን የለቅሶ ልማድ ወስደው አሠራር አድርገውታል ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ማስረጃው ሩቅ አይደለም። የአንድ ነባር ሠራተኛ የግል ማህደር ቢገለጥ የቅጥር ደብዳቤ ይገኛል፤ የዝውውር ደብዳቤ፣ የዓመት ፈቃድ መጠየቂያ፣ የሐኪም ወረቀት፣ የእርከን ጭማሪ ይገኛል። አንድ ቀን አርፍዶ ወይም ከአለቃው ጋር ተጋጭቶ ከነበረ ደግሞ ቁጥርና ቀን ያለው፣ ማኅተም ያረፈበት፣ ለሦስት ክፍሎች ግልባጭ የተደረገበት ማስጠንቀቂያ አለ። ጥፋት በኢትዮጵያ ቢሮ የተሟላ የወረቀት መንገድ ተዘጋጅቶለታል። የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ የዲሲፕሊን ቅጣትን ከቃል ማስጠንቀቂያ አንስቶ እስከ ስንብት በደረጃ ዘርዝሮታል። ጥሩ ሥራ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወረቀት አይወጣለትም፤ ዓመት ጠብቆ በውጤት ተኮር ቅጽ ላይ በነጥብ ይሰፍራል፣ እዚያው ይቀራል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12 አሠሪው የሠራተኛውን ሰብዓዊ ክብር እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ሠራተኛው ሲለቅ ስለሚሰጠው የምስክር ወረቀትም ይናገራል። ወረቀቱ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን ይገልጻል። እንዴት እንደሠራ የሚናገር መስመር ግን ሕጉ አልጠየቀም። መጠየቅም አልነበረበት ይሆናል፤ በአዋጅ የታዘዘ «እናመሰግናለን» ምን ዓይነት ምስጋና ይሆናል?

የቃል እጥረት ነው እንዳይባል አማርኛ በዚህ በኩል ሀብታም ነው። ወጡ ለጣፈጠላት «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» ይባላል። ለልጅ «ጎሽ!»፣ «እደግ ተመንደግ!» አለ። ደቦ የጠራ ገበሬ ጠላውንና እንጀራውን አሰናድቶ ይጠብቃል፤ አጨዳው መሀል ዘፈን አውጪው የፈጠነውን በስሙ እየጠራ ያሞግሳል፣ የዘገየውን በነገር ይወጋል። ሲመሽ ምርቃት አለ። ከተማ ውስጥም ለአስተናጋጅ የሚተወው ገንዘብ ስሙ ጉርሻ ነው፤ በእጅ ከማጉረስ የመጣ ቃል ነውና ከሒሳቡ በላይ የሆነ መቀራረብ አለበት። ይህ ሁሉ ቃል ቢሮ ደጃፍ ሲደርስ ጥበቃው ዘንድ መታወቂያ አስይዞ እዚያው የቀረ ይመስላል። ያለፈው ግዑዝ ቋንቋ ነው፦ «የተሰጠዎትን ኃላፊነት በአግባቡ በመወጣትዎ…»

እዚህ ላይ ቤት ውስጥ ያለውንም ሥራ ማንሳት ይገባል። በበዓል ቀን እንግዳ ዶሮ ወጡን ቀምሶ «እጅሽ ይባረክ» ሲል ፊቱን የሚያዞረው ወደ ቤቱ እመቤት ነው። ሽንኩርቱን ከሌሊት ጀምራ ያቁላላችው የቤት ሠራተኛ ማድ ቤት ሆና ምርቃቱ ወደ ሌላ ሰው ሲሄድ ትሰማለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም የእሷን ዓይነት የግል አገልግሎት ሥራ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶ አልፎታል። ምስጋና በአድራሻ ስህተት የሚጠፋበት ቤት ይህ ብቻ አይደለም። ሪፖርቱን የጻፈው ባለሙያ ቁጭ ብሎ እያለ ሪፖርቱን ያቀረበው ዳይሬክተር የሚጨበጨብለት ስብሰባ ስንት ነው?

አለቆች ለምን አያመሰግኑም ተብሎ ሲጠየቅ የሚመጣው የመጀመሪያው መልስ «ይጠግባል» የሚል ነው። የተመሰገነ ሠራተኛ ይኮራል፣ ነገ ጭማሪ ይጠይቃል፣ ከነገ ወዲያ ሌላ ቦታ ይቀጠራል። ሁለተኛው የሐሜት ፍርሃት ነው፤ «ለምን እሷን ብቻ? ምኑ ናት?» የሚል አይጠፋም። ከሥር ደግሞ የቆየ ጥንቃቄ ያለ ይመስላል። ያማረ ሕፃን ያየ ሰው «እንትፍ እንትፍ» ሳይል በማያልፍበት አገር፣ ማድነቅ ራሱ ዓይን ያስገባል ተብሎ ይፈራል። አድናቆት በጥቂቱና በስውር ቢሆን ይመረጣል።

ነገር ግን እነዚሁ ጥንቁቅ ቢሮዎች ውዳሴ ሞልቷቸዋል። አቅጣጫው ብቻ ነው የተገለበጠው። ስብሰባ የሚከፈተው «ክቡር ኃላፊያችን ባሳዩን ቁርጠኛ አመራር» በሚል ነው፤ ማኅበራዊ ሚዲያው ላይ የአለቃ ልደት ይከበራል። ተግሳጽ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሙገሳ ወደ ላይ ይወጣል። ወደ ላይ የሚወጣውን ሙገሳ አገሬው «ማሽቃበጥ» ብሎ ስም አውጥቶለታል። ወደ ታች ሊወርድ ይገባ የነበረው ግን ስም እንኳ አላገኘም።

የ«ይጠግባል» ፍርሃት ሲፈተን ግን አይጸናም። አዳም ግራንት የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ከሥራ ባልደረባው ጋር በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ለአንድ ዩኒቨርሲቲ በስልክ እየደወሉ ገንዘብ የሚያሰባስቡ 41 ሠራተኞች ነበሩ። ደመወዛቸው ቁርጥ ነው፤ ብዙ ቢደውሉም ጥቂት ቢደውሉም ያው ነው። ለግማሾቹ ኃላፊዋ ራሷ መጥታ ስለ ድካማቸው አመሰገነቻቸው፤ የቀሩት ያንን አላገኙም። በሚቀጥለው ሳምንት የተመሰገኑት የደወሉት ከቀድሞው ከ50 በመቶ በላይ ጨመረ፤ የሌሎቹ ባለበት ቀረ። ሽልማት አልነበረም፣ ጭማሪ አልነበረም። ጥቂት ደቂቃ የፈጀ ንግግር ነበር።

አመስጋኙን ዝም የሚያሰኝ ይሉኝታም አለ፤ ይህንን ደግሞ አሚት ኩማርና ኒኮላስ ኤፕሊ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. ፈትሸውታል። ተሳታፊዎች ውለታ ለዋለላቸው ሰው የምስጋና ደብዳቤ እንዲጽፉ ተደረገ፤ ተቀባዩ ምን ሊሰማው እንደሚችልም አስቀድመው ገመቱ። ያፍር ይሆናል፣ ግር ይለው ይሆናል ብለው ነበር። ተቀባዮቹ ሲጠየቁ ከተገመተው በላይ ተደስተው፣ ከተገመተው በታች አፍረው ተገኙ። እንግዲህ ቃሉን አፍ ላይ የሚያስቀረው ኀፍረት በአብዛኛው የአመስጋኙ እንጂ የተመስጋኙ አይደለም።

ይህንን ኀፍረት በየቀኑ ያሸነፈ አንድ ሥራ አስኪያጅ አለ። ዳግላስ ኮናንት በ2001 እ.ኤ.አ. ካምቤል የተባለውን የአሜሪካ የሾርባ ኩባንያ ሲረከብ ኩባንያው ወድቆ፣ የሠራተኛውም ሞራል ከኩባንያው ጋር ወድቆ ነበር። ኮናንት ከዕለት ሥራው ላይ ጊዜ ቆርሶ በቀን እስከ ሃያ የሚደርስ የምስጋና ማስታወሻ በእጁ ይጽፍ ጀመር። ረዳቶቹ በኩባንያው ውስጥ የትኛው ሠራተኛ ምን እንደሠራ እያሰባሰቡ ያቀርቡለታል፤ እሱም ለዚያ ሠራተኛ፣ ስለዚያ ሥራ ይጽፋል። በአሥር ዓመት ውስጥ ከ30,000 በላይ ጻፈ። ኩባንያው የነበሩት ሠራተኞች 20,000 ያህል ናቸው። በ2009 እ.ኤ.አ. ክፉ የመኪና አደጋ ደርሶበት ሆስፒታል ሲተኛ፣ ከልዩ ልዩ አገር ያሉ ሠራተኞች የጻፉለት ማስታወሻ አልጋው ድረስ መጣለት።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ሰው የሚይዘው ቁጥሩን ነው። ቁም ነገሩ ግን የረዳቶቹ ሥራ ላይ ነው። ሰውየው ከመጻፉ በፊት የሚጽፈውን ነገር ማወቅ ነበረበት። «ስለ ትጋትህ አመሰግናለሁ» ማለት ማንንም አይቸግርም፤ «ባለፈው ማክሰኞ መብራት ጠፍቶ ሳለ የደንበኞቹን ሰልፍ በእጅ መዝግበሽ ማንም ሳይመለስ መጨረስሽን ሰምቻለሁ» ለማለት ግን ማክሰኞ ምን እንደነበር መጠየቅ ይጠይቃል። ሠራተኛም የሚመዝነው ይህንኑ ነው። አለቃው የሚያደርገውን ያውቅ እንደሆነ፣ አይቶ እንደሆነ። ያላየ አለቃ ቢያመሰግን እንደ ቆርቆሮ ነው፤ ድምፁ ብዙ፣ ውስጡ ባዶ።

ለዚህም ነው ሽልማት ሁሉ ምስጋና የማይሆነው። አሜሪካ ውስጥ አምስት ቅርንጫፎች ያሉት አንድ የልብስ ማጠቢያ ድርጅት በአንደኛው ቅርንጫፉ ሰዓት አክባሪዎችን መሸለም ጀመረ። በወሩ ውስጥ ያላረፈደና ያልቀረ ሰው ስሙ በጉባኤ ይጠራል፤ የ75 ዶላር የስጦታ ካርድ ዕጣም ይወጣለታል። ቲሞቲ ጉብለርና ባልደረቦቹ መዝገቡን መርምረው በ2016 እ.ኤ.አ. እንዳሳተሙት፣ ቀድሞም ያለ ሽልማት በሰዓታቸው ይገቡ የነበሩት ሠራተኞች ምርታማነታቸው ቀነሰ። ነገሩን ከእነሱ ቦታ ሆኖ ለሚያየው አይገርምም። ለዓመታት ማንም ሳይቆጥርላቸው በሰዓቱ የገቡት ሰዎች፣ ትናንት ሲያረፍድ የከረመው በአንድ ወር ጠባይ ማሳመር ሲጨበጨብለት ቆመው ያያሉ።

ትልቁ የዚህ ዓይነት ስህተት ግን ከልብስ አጠባ በፊት በከሰል ማዕድን ውስጥ ተፈጽሟል። በነሐሴ መጨረሻ 1935 እ.ኤ.አ. አሌክሴይ ስታካኖቭ የተባለው የሶቪየት ማዕድን ቆፋሪ በአንድ ፈረቃ 102 ቶን ከሰል አወጣ ተብሎ ዓለም ሰማ፤ መደበኛው ድርሻ 7 ቶን ነበር። ፎቶው በየቦታው ተለጠፈ፣ ኒሻን ተደረገለት። በዚያ ሌሊት ከኋላው ሆነው ዋሻው እንዳይደረመስ በእንጨት የሚደግፉለት ሁለት ሠራተኞች መኖራቸው ግን በወሬው ውስጥ ቦታ አላገኘም። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የሁሉም ሠራተኛ የሥራ ድርሻ ወደ ላይ ከፍ ተደረገ። በኢትዮጵያም በደርግ ዘመን «ኮከብ ሠራተኛ» የተባለው ሽልማት የተቀዳው ከዚሁ ጎራ ነው። ዛሬ በአንዳንድ ድርጅት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው «የወሩ ምርጥ ሠራተኛ» ፎቶ የሩቅ ዘመዱ ይመስላል፤ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ በተራ መሆኑ ነው። ዘንድሮ ጥር የሒሳብ ክፍል ከሆነ የካቲት የግዥ ክፍል ነው፤ እንደ ዕቁብ ለሁሉም ይደርሳል።

ለሁሉም እኩል ማካፈል ሐሜት ያስቀር ይሆናል፤ ምስጋናነቱን ግን ያጠፋዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ የአውሮፓ ኢኮኖሚስቶች ጥናት ለሦስት ሰዓት የዳታ ማስገባት ሥራ የተቀጠሩ ከ300 በላይ ሰዎችን ተከታትሏል። በአንዳንዱ ቡድን የምስጋና ካርድ ለሁሉም ተሰጠ፤ በሌላው የተሻለ ለሠሩት ለሦስቱ ብቻ። ውጤቱ ይበልጥ የጨመረው ለተሻሉት ብቻ በተሰጠበት ነው። ይበልጥ የሚያስገርመው ደግሞ ጭማሪው በዋናነት የመጣው ካርዱ ካልደረሳቸው ሰዎች መሆኑ ነው። ሥራውን በትክክል ያየ ሰው ያለበት ቤት መሆኑን አወቁ፤ ጠጋ ብለው ሠሩ። «ሌሎቹ ይቀየማሉ» የሚለው የአለቆች ስጋት ቢያንስ እዚያ አልታየም።

ይህን ሁሉ ካሉ በኋላ ስለ ገንዘብ አለመናገር ነውር ነው። ምስጋና ርካሽ ስለሆነ በጀት ላጠረው አለቃ ያጓጓል። እንግሊዝ ውስጥ በኮሮና ወረርሽኝ ከመጋቢት 26 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየሐሙስ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሕዝቡ በየደጃፉ ወጥቶ ለጤና ሠራተኞች ያጨበጭብ ነበር፤ አሥር ሳምንት ቆየ። ጠቅላይ ሚኒስትሩም አጨበጨቡ። ዓመት ሳይሞላ ግን መንግሥት ለጤና ሠራተኞች ያሰበው ጭማሪ 1 በመቶ መሆኑ ተሰማ፤ ነርሶቹ ተቆጡ፤ በጭብጨባ ኪራይ አይከፈልም አሉ። ኋላ 3 በመቶ ሆነ። ኢትዮጵያም በዚያው ዘመን ሐኪሞቿንና ነርሶቿን ጀግኖች ብላ ነበር፤ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ብዙ የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የጥቅማጥቅም ጥያቄ ይዘው ከፊል የሥራ ማቆም አደረጉ። ጀግና የሚለው ማዕረግ የወር አስቤዛ አይሸፍንም።

በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም የሚያስተምረው አለ። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ማዕከል በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት የልብስ ስፌት ጀማሪ ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን አስፍሯል፤ ፋብሪካዎቹም በአማካይ በዓመት ውስጥ ሠራተኞቻቸውን ሙሉ በሙሉ ይተኩ እንደነበር ገልጿል። ከዚያ ቀደም ብሎ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን በአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሥራ ፈላጊዎችን ተከታትለው ነበር። ሥራውን ካገኙት ሲሶው በመጀመሪያው ወር ለቀቀ፤ በዓመቱ 77 በመቶው ወጥቷል። ደመወዙ ከመደበኛ ያልሆነው ሥራ የተሻለ አልነበረም፤ ሥራው ደግሞ አድካሚና ለጤና የሚያሰጋ ነበር። ለእነዚህ ወጣቶች ሰርተፍኬት ቢታተምላቸው በምን ያስቀራቸዋል?

የደመወዝ ጥያቄ የምስጋናን ጥያቄ አይተካም፤ ምስጋናም ደመወዝን አይተካም። የኢትዮጵያ አሠሪዎች በሁለቱ መካከል የሚቆም አንድ ጥሩ ልማድ አላቸው፦ የበዓል ስጦታ። ለፋሲካ ዘይት፣ ለገና ዶሮና እንቁላል፣ አንዳንዱ ቤት በግ። ገንዘቡ ሲታሰብ ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን ሠራተኛዋ ዘይቱን ተሸክማ ሰፈሯ ስትደርስ ጎረቤት «መሥሪያ ቤቷ ሰጣት» ይላል። ክብሩ ቤተሰቡ ድረስ ይገባል። የኑሮ ውድነት ያመጣውን ቁጠባ ከዚህ ስጦታ የጀመሩ ድርጅቶች ምን እንደቆረጡ ያሰቡበት አይመስልም።

ሌላው መንገድ ከጃፓን መጥቶ ነበር። ቶዮታ በ1951 እ.ኤ.አ. ሠራተኛው የማሻሻያ ሐሳብ የሚያቀርብበትን ሥርዓት ዘረጋ። ለሐሳቡ የሚከፈለው ገንዘብ አነስተኛ ሊሆን ይችላል፤ ዋናው ሐሳቡ ሥራ ላይ መዋሉ ነው። መሣሪያ የሚቀመጥበትን ቦታ እንለውጥ ያለ ሰው በማግስቱ ተለውጦ ሲያየው ከዚያ በላይ ንግግር አያስፈልገውም። ኢትዮጵያም በጃፓን ድጋፍ ካይዘን የተባለውን ሥራን ያለማቋረጥ የማሻሻል አሠራር ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በ30 ድርጅቶች ሞክራ፣ በ2004 ዓ.ም. ኢንስቲትዩት አቋቋመችለት። ብዙ ቦታ የቀረው ግን ወለሉ ላይ የተቀባው ቢጫ መስመርና መደርደሪያው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ነው። የሐሳብ መስጫ ሳጥኑም ግድግዳው ላይ አለ፤ ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ ግን ከተጠየቀ ቆይቷል።

ወደ ሽኝቱ አዳራሽ እንመለስ። የኃላፊው ንግግር የተጻፈው ከሦስት ቀን በፊት በሰው ሀብት ክፍል ነው። ባለሙያው ማህደሯን ገልጦ የሚጻፍ ነገር ፈለገ፤ ያገኘው የቅጥር ዘመኗን፣ የደረጃ እድገቷንና አንድ የ1998 ዓ.ም. የማርፈድ ማስጠንቀቂያ ነው። ስለዚህ ወደ መዝገብ ቤት ወረደ። አብረዋት የሠሩት ሁለት ሴቶች ሻይ እየጠጡ ነገሩት፦ ቧንቧ ፈንድቶ ክፍሉን ውኃ ያጥለቀለቀው ጊዜ ሌሊት መጥታ መዝገቦቹን አንድ በአንድ አውጥታ በፀሐይ ማድረቋን፤ ፋይል ጠፋ የተባለ ባለጉዳይ እሷ ዘንድ ሲላክ ቁጥሩን ከጭንቅላቷ እንደምትነግረው፤ አዲስ ለሚገቡት ልጆች ምሳዋን እንደምታካፍል። ባለሙያው ሁሉንም ጻፈ። ንግግሩ ለፊርማ ወደ ላይ ሲወጣ ግን ረዘመ ተባለና የውኃው፣ የቁጥሩና የምሳው ነገር ወጣ። ታታሪ፣ ታማኝ፣ ሰዓት አክባሪ የሚለው ቀረ።